የጨረር መጠን፣ ዳታ እና የልጆች ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የጨረር ሕክምና በልጆች ካንሰር ላይ ያመጣውን ውጤት በዳታ ለማጥናት ለተነሱ ሐኪሞች፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎችና የዳታ ተንታኞች የተዘጋጀ ነው። ከወላጆች የሚመጣ አንድ ጥያቄም መጨረሻው ላይ አለ።

«የጨረር ምላሽ» ሲባል የዕጢው ነው ወይስ የልጁ?

የሁለቱም ነው። ዕጢው መጥፋቱ፣ መቀነሱ ወይም ተመልሶ መምጣቱ አንዱ ምላሽ ነው። ሁለተኛው ጨረር ያረፈበት ጤናማ አካል ከወራት እስከ አሥርት ዓመታት ቆይቶ የሚያሳየው ለውጥ ነው፤ የአጥንት ዕድገት መገታት፣ የመስማት መቀነስ፣ የሆርሞን እጥረት፣ የልብ ሕመም፣ አዲስ ካንሰር። በአምስት ዓመት ልጅ ላይ ይህ ሁለተኛው በጣም ይከብዳል። የታከመው አካል ገና እያደገ ነው፣ ከፊቱም ብዙ ዕድሜ አለ። ስለዚህ አንድ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የትኛውን ምላሽ፣ በስንት ዓመት ውስጥ፣ በምን መመዘኛ እንደሚለካ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ «ጥሩ ውጤት» ወይም «መጥፎ ውጤት» በሚል ዓምድ ውስጥ የጨፈለቀ ዳታ ኋላ ምንም ቢደረግ አይስተካከልም።

የታዘዘው መጠን በልጁ የሕክምና ካርድ ላይ ተጽፏል። ሌላ ስሌት ለምን ያስፈልጋል?

ካርዱ የሚናገረው ስለ ዕጢው ብቻ ስለሆነ ነው። ዊልምስ በተባለው የኩላሊት ካንሰር የተለመደውን የጎን ጨረር እንውሰድ፤ 10.8 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው)፣ በቀን 1.8 ግሬይ፣ ለስድስት ቀን። ሁለት ልጆች ይህንኑ ትእዛዝ ይዘው ቢታከሙ ጉበታቸው፣ ጣፊያቸውና የተረፈው ኩላሊታቸው የተቀበለው መጠን እኩል አይሆንም። ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ የዕጢው ስፋት፣ የልጁ ቁመት ሁሉ ይለውጠዋል። የአከርካሪ አጥንቱ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ ተጨርሮ እንዳይጎብጥ ሲባል ሙሉ ስፋቱ ሆን ተብሎ በመስኩ ውስጥ ይካተታል፤ ይህም ከካርዱ ላይ አይነበብም።

ወደ ሳንባ የተዛመተ በሽታ ላለበት ልጅ መላ ሳንባው 12 ግሬይ በስምንት ክፍል ሲሰጠው፣ በመሃል ያለው ልብ መላውን መጠን ማለት ይቻላል አብሮ ይቀበላል። በሰሜን አሜሪካ ከልጅነት ካንሰር የዳኑ ሰዎችን የሚከታተለው ትልቅ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ከ5 እስከ 19.9 ግሬይ ያለው መካከለኛ መጠን እንኳ የልብን ግማሽና ከዚያ በላይ ሲሸፍን የልብ ሕመም ይጨምራል። «የደረት ጨረር፦ አዎ/አይደለም» የሚል ዓምድ ይህን በፍጹም ሊያሳይ አይችልም። ጥናቱ የሚፈልገው እያንዳንዱ አካል ላይ የደረሰውን መጠን ነው።

ከሆስፒታሉ ሲስተም የትኞቹን ፋይሎች ልጠይቅ? ምንስ ይበላሻል?

አራት የዳይኮም (የሕክምና ምስሎች የሚቀመጡበት መደበኛ ቅርጸት) ፋይሎች አንድ ላይ መምጣት አለባቸው፦ የዕቅድ ሲቲው፣ የአካላት ኮንቱር (በምስሉ ላይ የተሳለው የየአካሉ ዙሪያ መስመር)፣ የሕክምናው ዕቅድ እና የመጠን ስርጭቱ። አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ብዙም አይረዱም። ከእነዚህ ጋር የተሰጠው ሕክምና መዝገብም ይጠየቅ፤ ተሠርቶ ያልተሰጠ፣ ወይም በመሃል የተቀየረ ዕቅድ በየሲስተሙ ውስጥ ሞልቷል።

የመጠን ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ግሬይ አይደለም። ሙሉ ቁጥር ነው፤ በፋይሉ ራስጌ ላይ በተጻፈው ማባዣ መባዛት አለበት። አንድ ነጥብ ላይ 46,800 ቢነበብና ማባዣው 0.0005 ቢሆን፣ መጠኑ 23.4 ግሬይ ነው። ማባዣው ከታካሚ ታካሚ ይለያያል፤ አንዱን ወስዶ ለሁሉም መጠቀም ስህተትን በየፋይሉ ይዘራል። ቀጥሎ ፋይሉ የመላውን ዕቅድ፣ የአንድ ቀንን ወይም የአንድ ጨረር መስክን መጠን መያዙ ይታይ።

በልጆች ላይ በጣም የሚያሳስተው ግን የዕቅድ መደራረብ ነው። መካከለኛ ስጋት ያለበት ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የአንጎል ካንሰር ሲታከም መጀመሪያ መላው አንጎልና አከርካሪ 23.4 ግሬይ በ13 ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ የዕጢው ሥፍራ ብቻ 30.6 ግሬይ በ17 ቀን ይጨመርለትና 54 ይሞላል። ተንታኙ የመጨረሻውን ዕቅድ ብቻ ካነሳ የውስጠኛው ጆሮ መጠን 23.4 ግሬይ ያህል ይጎድላል፤ ያ ልጅ ኋላ መስማት ሲያቅተው ሞዴሉ «በትንሽ መጠን የተጎዳ» ብሎ ይማርበታል። ስለዚህ ሁሉም ዕቅዶች በአንድ ሲቲ ላይ ተደምረው፣ ድምሩ ከካርዱ ጠቅላላ መጠን ጋር ይመሳከር። በመሃል አዲስ ሲቲ ተነሥቶ ከሆነ ሁለቱን ምስሎች ማጣጣም ግድ ነው፤ ዕቅዶቹ የቆሙበት የመጋጠሚያ መለያ ቁጥር ካልተመሳሰለ መደመር አይቻልም።

የአካላት ስም ሌላው ራስ ምታት ነው። አንዱ ሐኪም «ልብ»፣ ሌላው «ልብ አዲስ»፣ ሦስተኛው «ልብ አትጠቀሙ» ብሎ ያስቀምጣል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ባወጣው ሪፖርት 263 የስያሜ ደንብ ላይ ሁሉንም አንድ ማድረግ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ቀኝና ግራ መቀያየሩን በኮድ መፈተሽም ቀላል ነው፤ በዳይኮም አግድም መለኪያ ቁጥሩ ወደ ታካሚው ግራ ሲሄድ ስለሚጨምር፣ የግራ ኩላሊት ማዕከል ከቀኙ የሚበልጥ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

በመጨረሻ የፍርግርጉ ልክ አለ። የመጠን ስሌቱ በየ4 ሚሊሜትሩ ከተሠራ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በሆነችው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል፣ በኮክሊያ ውስጥ የሚገቡት ነጥቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ አካል ዕቅዱን በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር ፍርግርግ እንደገና ማስላት ይመከራል።

ሲቲ ሳይነሡ ስለታከሙ የድሮ ታካሚዎችስ?

መጠኑ በፋንተም፣ ማለትም የሰውን አካል በሚወክል ሞዴል ላይ እንደገና ይገነባል። ዘግይቶ የሚመጣን ጉዳት የምናውቀው ከእነዚህ ሰዎች ስለሆነ ሥራው ሊዘለል አይችልም። ከላይ የተጠቀሰው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከ1970 እስከ 1999 ድረስ ካንሰር የተገኘባቸውንና አምስት ዓመት የተሻገሩትን ይይዛል፤ የብዙዎቹ የአካል መጠን የተሰላው በዚህ መንገድ ነው።

ከካርዱ የሚወጣው የጨረሩ ዓይነትና ኃይል፣ የመስኩ ቁመትና ስፋት፣ ጠርዙ ከየትኛው የአከርካሪ አጥንት እስከ የትኛው እንደነበር፣ በመከለያ የተሸፈነው አካል፣ ቀኖቹና መጠኑ ነው። መስኩ የታየበት የድሮ ኤክስሬይ ፊልም ካለ ከጽሑፉ ይልቅ እሱ ይታመን። ከዚያ የልጁን ዕድሜና ቁመት የሚመስል የኮምፒውተር ፋንተም ይመረጣል። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ2020 በቁጥር 143 ኅትመቱ የአዲስ ሕፃን፣ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ15 ዓመት ወንድና ሴት ፋንተሞችን አውጥቷል፤ በመሃል ላለ ዕድሜ በቁመትና በክብደት ተመጣጥኖ ይሠራል።

የስሌቱ እምነት በአካሉ ሥፍራ ይወሰናል። መላው በመስኩ ውስጥ ያለ አካል መጠኑ አያሻማም። ጠርዙ ላይ ያለው ግን፣ ለምሳሌ ከደረት መስክ በላይ ያለው ታይሮይድ ወይም ከሆድ መስክ በታች ያለው ኦቫሪ፣ መስኩ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ሲፈቀቅ ከጥቂት ግሬይ ወደ ሙሉው መጠን ይዘላል። ለእያንዳንዱ ቁጥር የእርግጠኝነት ደረጃ አብሮ ካልተመዘገበ ተንታኙ ሁሉንም እኩል ያምናል።

እዚህ ላይ ስታቲስቲክሱን የሚነካ ነገር አለ። ከካርድ በማንበብ የሚመጣ የተበታተነ ስህተት የመጠንና የጉዳትን ቁርኝት ያሳንሰዋል። ለተመሳሳይ ልጆች አንድ ፋንተም በመመደብ የሚመጣው ደግሞ ቁርኝቱን ያን ያህል ሳያዛባ ግምቱን ያሰፋዋል። ሁለቱን በአንድ ዘዴ ማረም ስህተት ነው።

ዘመናዊ ዕቅድ ካለኝ ከመስኩ ውጭ ያለውን መጠን ከዚያው ልውሰድ?

አይ። የዕቅድ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በመስኩ ውስጥና በአቅራቢያው እንዲያስሉ ነው። ከታዘዘው መጠን 5 በመቶ በታች በሚሆንበት ርቀት ላይ ብዙውን ጊዜ አሳንሰው ይገምታሉ፤ ከማሽኑ ራስ የሚያፈተልከውንና የጨረሩን ቅርጽ ከሚወስነው ኮሊሜተር የሚበተነውን በደንብ አይከተሉም። የልጅ ሰውነት አጭር ስለሆነ በአዋቂ ላይ ሩቅ የሆነው አካል በልጅ ላይ ቅርብ ነው፤ አንጎሉ ሲታከም ታይሮይዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃል። በቆዳ ላይ በሚቀመጡ ትናንሽ መለኪያዎች መለካት፣ ሞንቴ ካርሎ በተባለው የኮምፒውተር የዕድል ስሌት ማስላት ወይም ለማሽኑ ዓይነት የተሠራ የርቀት ሞዴል መጠቀም ይቻላል። ከ10 ሜጋቮልት በላይ በሆነ ኤክስሬይ ደግሞ የኒውትሮን መጠን ይታሰብ። ሲቲው ያልሸፈነው አካል «ዜሮ» ተብሎ ሳይሆን «አልታወቀም» ተብሎ ይመዝገብ።

ልኬቱ ራሱ የት ይሳሳታል?

ብዙ ሥፍራ፤ አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ግን ጠቃሚ ነው። የማሽኑ ውጤት የሚለካበት አዮን ቻምበር ለአየር ክፍት ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚሰበሰበው ቻርጅ ስለሚቀንስ ንባቡ በሙቀትና በአየር ግፊት ይታረማል። መነሻው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 101.325 ኪሎፓስካል ነው።

ማሽኑ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ላይ ቢሆን እውነተኛው ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ማረሚያው፦ (295.2 ሲካፈል ለ293.2) ሲባዛ (101.325 ሲካፈል ለ76)፤ 1.34 ይመጣል። አሁን ባሮሜትሩ ተበላሽቶ ፊዚሲስቱ ከአየር ትንበያ ላይ ግፊት ቢወስድ፣ ያ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ስለሆነ 101 ወይም 102 ይላል፤ ማረሚያውም 1 አካባቢ ይሆናል። ማሽኑ በትክክል እየሠራ ሳለ 25 በመቶ ያነሰ መስሎ ይታያል። ይህን «ለማስተካከል» ውጤቱ ከፍ ቢደረግ በቀን 1.8 ግሬይ የታዘዘለት ልጅ 2.4 ይቀበላል። በዳታው ላይ ግን አሁንም 1.8 ተብሎ ይመዘገባል።

መከላከያው ግፊትን በክፍሉ ውስጥ በተረጋገጠ ባሮሜትር ማንበብ፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲን የ398 ቁጥር የልኬት ደንብ መከተልና የውጭ ምርመራ ማስደረግ ነው። ኤጀንሲው ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ከ1969 ጀምሮ ትናንሽ መለኪያዎችን በፖስታ እየላከ የየሆስፒታሉን ማሽን ያመሳክራል፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከብዙ ማዕከላት ዳታ የሚሰበስብ ጥናት የየማዕከሉን የምርመራ ውጤትና ቀን እንደ አንድ ዓምድ ቢይዝ በጣም ይጠቅመዋል።

አንዱ በቀን 1.8፣ ሌላው በቀን 4 ግሬይ ወስደዋል። እንዴት ላነጻጽር?

ድምሩን ብቻ በማየት አይሆንም። በቀን 2 ግሬይ ቢሰጥ ኖሮ ወደሚሆነው አቻ መጠን መቀየር ያስፈልጋል፦ ጠቅላላውን መጠን በ(የቀኑ መጠን ሲደመር የአልፋ-ቤታ ምጥጥን) አባዝቶ ለ(2 ሲደመር ምጥጥኑ) ማካፈል። ምጥጥኑ አንድ ሕብረ ሕዋስ የቀኑ መጠን ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚነካ የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ቶሎ ለሚከፋፈል ዕጢ ብዙ ጊዜ 10፣ ዘግይቶ ለሚጎዳ ጤናማ አካል 3 ይወሰዳል።

20 ግሬይ በአምስት ቀን ቢሰጥ ለዕጢው 20 × 14 ÷ 12፣ ማለትም 23.3 ግሬይ ነው። ለጤናማው አካል 20 × 7 ÷ 5፣ ማለትም 28 ግሬይ ነው። አንድ ሕክምና ሆኖ ሳለ ለዕጢውና ለአካሉ የተለያየ ክብደት አለው።

የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ቀመሩ በአካሉ አማካይ መጠን ላይ ይሠራና ይቆማል። በትክክል የሚሠራው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተቀይሮ ከዚያ አማካዩ ሲወሰድ ነው፤ ከመስኩ ጠርዝ ያለ ነጥብ የቀን ድርሻው ከታዘዘው በጣም ያነሰ ነውና። ከልጆች የተገኙ የምጥጥን ቁጥሮች ጥቂት ስለሆኑ ትንተናውን በ2፣ በ3 እና በ4 ደጋግሞ ድምዳሜው መጽናቱን ማየት ይገባል።

ታካሚዎቼ ጥቂት ናቸው። ማሽን ለርኒንግ ይሠራል?

ለአንዳንዱ ሥራ ይሠራል። የአካላትን ኮንቱር በራሱ የሚስል ሞዴል ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን በአዋቂ ምስል የተማረ ከሆነ በሦስት ዓመት ልጅ ላይ ይስታል። ከልብ በላይ ያለው ታይመስ የተባለ የበሽታ መከላከያ አካል በልጅ ላይ ትልቅ ስለሆነ ከልብ ጋር ሲያደባልቀው ይታያል። በልጆች ምስል ሳይፈተሽ አይታመን።

ጉዳትን ለመተንበይ ሲሆን ግን የሚቆጠረው የታካሚው ብዛት ሳይሆን የክስተቱ ብዛት ነው። 200 ልጆች ኖረው 18ቱ ብቻ የመስማት ችግር ካጋጠማቸው፣ ያ ዳታ የሚሸከመው አንድ ወይም ሁለት ተለዋዋጭ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የምስል ባሕርያትን ጭኖ በጣም የሚያምር ቁጥር ማውጣት ቀላል ነው፤ በሌላ ሆስፒታል ሲሞከር ግን ይፈርሳል። እኛ የምንመክረው አስቀድሞ በሚታወቀው ባዮሎጂ መጀመርን ነው። ለምሳሌ ከጨረር በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ካንሰር ስጋት እስከ 20 ግሬይ ገደማ ይጨምርና ከ30 በላይ ይቀንሳል፤ ከፍ ያለው መጠን ሕዋሱን ስለሚገድለው ነው። ቀጥተኛ መስመር ብቻ የተፈቀደለት ሞዴል ይህን ጉብታ ወደ «ምንም ግንኙነት የለም» ሊያለሳልሰው ይችላል። ቅርጹን ከመጀመሪያው መስጠት ይሻላል።

የቀረው ስህተት በአብዛኛው ከጊዜ አያያዝ ይመጣል። አምስት ዓመት የተሻገሩትን ብቻ የያዘ መዝገብ ላይ ክትትሉ ከምርመራው ቀን ሳይሆን ከአምስተኛው ዓመት ይጀምር። በሌላ ምክንያት የሞተ ልጅ «ጉዳት ያልደረሰበት» ተብሎ አይቆጠር፤ ሞት እንደ ተፎካካሪ ክስተት ይያዝ። የመስማት ምርመራ ብዛትን እንደ መተንበያ ማስገባት ደግሞ መልሱን ሾልኮ ማሳየት ነው፤ ብዙ የሚመረመረው መስማት የቸገረው ልጅ ነውና። መማሪያና መፈተሻ ዳታ በታካሚ፣ ከተቻለም በሆስፒታል ይከፈል፤ የአንድ ልጅ ሁለት ምስሎች በሁለቱም ወገን ከተገኙ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

የልብና የሳንባ መጠን አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ አንዱን ከሌላው መለየት አንዳንዴ በጭራሽ አይቻልም። ያንን በግልጽ መጻፍ ሞዴሉን ከማስገደድ ይሻላል።

ለማነጻጸሪያ ለአዋቂዎች በ2010 የወጣው ኳንቴክ የተባለው የመጠን ገደብ ስብስብ አለ። ለልጆች ተመሳሳዩ ፔንቴክ በ2024 ታትሟል። የአዋቂውን ለልጅ መዋስ የቀረ ልማድ መሆን አለበት።

ከጨረሩ ሌላ ምን ዓምድ የግድ ያስፈልጋል?

በታከመበት ቀን የነበረው ዕድሜ በወር፤ «ከ3 እስከ 10» የሚል ቡድን ብዙ ይደብቃል። ለልብ የዶክሶሩቢሲንና የዘመዶቹ ጠቅላላ መጠን በሚሊግራም በካሬ ሜትር፣ ለጆሮ የሲስፕላቲን። እነዚህ ከሌሉ የመድኃኒቱ ጥፋት በጨረሩ ላይ ይለጠፋል።

የዘር ውርስም አለ። በኤቲኤም ጂን ሁለቱም ቅጂዎች ጉድለት ያለበት ልጅ በተለመደው መጠን ከባድ ጉዳት ይደርስበታል፤ በቲፒ53 ወይም በፒቲሲኤች1 ጉድለት ያለበት ደግሞ በጨረሩ መስክ ውስጥ አዲስ ዕጢ የማውጣት ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ዕጢውም እንዲሁ፦ ሜዱሎብላስቶማ በአራት ሞለኪውላዊ ቡድኖች ተከፍሎ ሳይታይ ስለ መጠን መነጋገር ያሳስታል። ከ3 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የአንጎልና የአከርካሪው መጠን ከ23.4 ወደ 18 ግሬይ ዝቅ ቢል ይበቃ እንደሆነ የተፈተነበትና በ2021 የታተመው የሙከራ ጥናት ዝቅተኛው መጠን በውጤት ከ23.4ቱ ጋር እንደማይተካከል አሳይቷል። ለዕጢው ሥፍራ የሚጨመረውን መስክ ማጥበብ ግን ጉዳት አላመጣም። መጠንና ስፋት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዳታውም ሁለቱን ለየብቻ ይያዝ።

ከጨረር በኋላ በኤምአርአይ ዕጢው ሰፍቶ ታየ። «አልሠራም» ብዬ ልመዝግብ?

አትቸኩሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጨረሩ እብጠት ራሱ ዕጢ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከተከታዩ ምስልና ከልጁ ሁኔታ ጋር ሳይገናዘብ አይወሰን፤ ውሳኔው የተሰጠበት ቀንም ለብቻው ይመዝገብ። የምስሉን ለውጥ መጠኑ ካረፈበት ሥፍራ ጋር ደርቦ ማየት ይረዳል። የፕሮቶን ሕክምና ከሆነ በተለይ የጨረሩ መጨረሻ ጫፍ ይታይ፤ በዕቅድ ላይ ለሁሉም ሥፍራ 1.1 ተብሎ የሚወሰደው የባዮሎጂ ማባዣ (ፕሮቶን ከኤክስሬይ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳይ ቁጥር) እዚያ ጋ በእውነቱ ከ1.1 ይበልጣል።

ስም ካጠፋሁ ዳታው ከማንነት ነጻ ነው?

አይደለም። የሕፃን የራስ ሲቲ ፊቱን መልሶ መሥራት ያስችላል፤ ስለዚህ ፊቱ ይሰረዝ፣ ግን ከመጠን ስሌቱ በኋላ። የማሽን አምራቾች በራሳቸው መስክ የሚደብቁት መረጃም ይጽዳ። ቀኖች ለአንድ ልጅ በሙሉ በእኩል ቀን ይገፉ፤ የጊዜው ርቀት እንዳይፋለስ። ዳታው ከሆስፒታሉ መውጣት ካልቻለ ሞዴሉ ወደ ዳታው ሄዶ የሚማርበት መንገድ አለ፤ የአካላት ስምና የመጠን አሃድ በየማዕከሉ አንድ ካልሆነ ግን ያም አይሠራም።

ወላጅ ነኝ። ልጄ ሕክምናውን ጨርሷል፤ ምን ወረቀት ልያዝ?

የሕክምና ማጠቃለያ ይጠይቁ። በውስጡ የታከመው የሰውነት ክፍል፣ ጠቅላላው መጠን በግሬይ፣ በየቀኑ የተሰጠው፣ የመጀመሪያና የመጨረሻው ቀን፣ የጨረሩ ዓይነት፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ድምር መጠን መኖሩን ያረጋግጡ። የዕቅዱን ዲጂታል ፋይል በዲስክ ወይም በፍላሽ ከሰጡዎት በሁለት ቦታ ያስቀምጡት፤ ሆስፒታሎች ሲስተም ሲቀይሩ የድሮ ፋይል ይጠፋል። ይህ ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ ይፈለጋል። ለምሳሌ ደረቷ ላይ 10 ግሬይና ከዚያ በላይ ያረፈባት ልጅ የጡት ምርመራ የምትጀምረው በ25 ዓመቷ ወይም ጨረሩን ከወሰደች ከ8 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ በዘገየው ነው። ያኔ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ስንት ግሬይ?» ብሎ ነው።